እንደየልጁ ፍላጎት የተዘጋጀው የእከክ ቅባት

አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ብዙ ኮሚቴ አይተናል፤ እንደ ራብተኞች መጠለያችን የሕፃናት ጤና ኮሚቴ ግን ለቆዳችን የተጨነቀልን የለም። ሆዳችን የሌላ ኮሚቴ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። እከክ ያለበት ልጅ እስኪድን ድረስ የአጥሚት ሰልፍ ላይ አይቆምም፤ ለሌላው ይጋባላ! ታናሽ ወንድሜን ፈንታውን እጁን እከክ ስለበላው፣ ከኔ ጣሳ እያካፈልኩት ከረምን። የመጠለያው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሯ ብርሀንነሽ፣ ድኝ በቫዝሊን ለውሳ ልትቀባው ስትመጣ ደግሞ ሽታውን ሽሽት እግሬ አውጪኝ ይላል።

"ትንሽ ቻለው የኔ ጌታ፣ ትድናለህ።"

"እርስዎ ይቀቡት!"

ጩኸቱ ኮሚቴው ጆሮ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አቶ ባፈና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሕፃን ወደ መድኃኒት የሚጎተትበት ዘመን አብቅቷል! ከእንግዲህ መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ ፍላጎት ይወርዳል!" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ንግግር ሲያምር ራብ ያስረሳል ይባላል፣ አላስረሳኝም እንጂ።

ልጆች አንድ በአንድ ተጠየቁ።

"ቅባትህ ምን ምን ቢሸት ትወዳለህ?"

"ዶሮ ወጥ" አለ ፈንታው።

"አበባ አይሻልህም፣ ማሙሽ?"

"ወላሂ ዶሮ ወጥ!"

ጎረቤታችን ትንሿ ሩቂያ ገንፎ አለች። አበባ ያለ አልተገኘም።

ኮሚቴው ቃሉን አላጠፈም። ከመካነ ሰላም ነጋዴዎች ቅቤ ተዋጣ፤ በኮረሪማ፣ በነጭ ሽንኩርት እየተነጠረ በየልጁ ስም ተዘጋጀ። ድኙን የጠየቀ ልጅ ስላልነበረ ድኙ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ከቅባቱ ወጣ።

"መድኃኒቱ እኮ ድኙ ነው!" አለች ብርሀንነሽ።

"አንቺ ከሰፊው ሕፃን ፍላጎት ትበልጫለሽ?" አሏት አቶ ባፈና።

ፈንታው በዚያ ቀን ሳይጎተት ሄዶ እጁን ዘረጋ። ተቀባ። ድሬሰሯ ዘወር ከማለቷ እስከ ክርኑ ላሰው።

"እትዬ ብርሀንነሽ፣ ይሄኛውም እጄ ያሳክከኛል!"

በሳምንቱ ኮሚቴው ለጉብኝት መጣ። ቅቤው ጥርግ ብሏል፤ ፈንታው ግን እከኩ ብሶበታል።

"ለምን አልዳንክም?" አሉት አቶ ባፈና።

"ላስኩታ።"

"ሁሉንም?"

"ሩቂያም የሷን አቅምሳኛለች።"

"አባባ፣" አልኩ ፈጠን ብዬ፣ "ድኙ ይመለስና ይዳን። ሰልፍ ካልገባ በራብ ይሞትብኛል።"

አቶ ባፈና አዘኑልኝ፤ ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። ውሳኔው ከመጠለያው በር ላይ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፦ ቅባቱ ከተጠበቀው በላይ በሕፃናት ተወዷል፤ የላሰ ሁሉ ቅቤ የበላ ስለሆነ፣ እከኩ ቢድንም ባይድንም አጥሚት አያስፈልገውም።