የአያ ሙሉነህ የብረት ጆሮ

ሰው ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ ቢሠራ እናመሰግነዋለን፤ በር ቢሠራ ዋጋ እንጠይቀዋለን፤ ፊት ቢሠራ ግን ጤንነቱን እንጠራጠራለን። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ደሳለኝ ቢቸና ውስጥ ብየዳ ቤት ያለው ወዳጄ ነው። መስኮትና በር ይበይዳል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ደግሞ ከተጣለ ማርሽ፣ ከኩሽኔታና ከሞተር ሳይክል ካቴና የሰው ፊት ያወጣል። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ማሽን። «የነገ ሰው» ይለዋል። መንገደኛው ቆም ብሎ ያይና አማትቦ ያልፋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝና በማማተብ ፈንታ እተርበዋለሁ፦ «የነገ ሰው ይህ ከሆነ እኔን ዛሬ ይበቃኛል።»

አምና ሞጣ ላይ አንድ አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ ተነቀለ። ባለቤቱ፣ እኔም የማውቃቸው አያ ሙሉነህ፣ ካረፉ ዓመት አልፏቸው ነበር። ደሳለኝ ብየዳን የተማረው ከእሳቸው እጅ ነውና ብረቱ ለቁራሌው እንዲሄድ ልቡ አልፈቀደም፤ ገዝቶ ቢቸና አመጣው፤ በሩን ዘግቶም ወራት ሠራ። አንድ ቀን ጠርቶ ሲያሳየኝ፣ አያ ሙሉነህ ራሳቸው ናቸው። ግራ ጉንጫቸው፣ ያ ሁልጊዜ የተቆጣ የሚመስለው ቅንድባቸው ሳይቀር ከላሜራ ተቀጥቅጦ ወጥቷል። ቀኝ ጎናቸው ጥርሳም ማርሽና ሞላ ነው፤ በጆሯቸው ቦታ እህል የሚጨመርበት ሰፊው የወፍጮ አፍ ተበይዷል።

ቀልድ አልመጣልኝም።

አዲስ አበባ ላይ ስለ መጪው ዘመን በሚዘጋጅ ዐውደ ርእይ እንዲያቀርበው ተጠይቋል። «ግን ባለቤታቸው ሳይፈቅዱ አላወጣውም» አለኝ። «እምቢ ካሉ ቆራርጬ እቀብረዋለሁ። እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ይምጡልኝ።»

በጆንያ ጠቅልለን በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባን። እኔ መንገዱን ሙሉ የሽምግልና ንግግሬን ሳሰማምር ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከሟቹ ወንድም ከቄስ ምናለ ጋር ተቀብለው አስገቡን። ደሳለኝ ጆንያውን ገለጠው።

ቄስ ምናለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የወንድሜን ፊት የማሽን ዕቃ ታደርገው?»

እትዬ ጥሩነሽ በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና ወደ ብረቱ ቀረቡ። የላሜራውን ጉንጭ ነኩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ቀኝ ዞረ።

«ጆሮውን ለምን እንዲህ አሰፋኸው?»

ደሳለኝ አቀረቀረ። «ወፍጮው አደንቁሯቸው ነበርና… አሁንስ ይስሙ ብዬ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ጮኼለታለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «እራት ቀርቧል ስለው ሰፈሩ ይሰማል፤ አሞኛል ስለው ሰፈሩ ይሰማል። ተጮሆ የማይነገር ነገር ግን አለ። እሱ እዚሁ ቀረ።» ደረታቸውን ነኩ። «እስቲ ለአንድ አፍታ ውጡልኝ።»

ወጣን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ቃሉ አይለይም። እኔ፣ ልናዘዝና፣ ጆሮዬን ወደ በሩ አዘንብዬ ነበር። እኚያ ሲቆጡ የነበሩ ቄስ ክንዴን ይዘው እስከ አጥሩ ድረስ ወሰዱኝ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል።

ፀሐይዋ ከአጥሩ ጥላ አስወጥታን ነበር፣ እትዬ ጥሩነሽ ብቅ ሲሉ። «ለአዲስ አበባ ሌላ ሥራላቸው ልጄ» አሉት። «ይህንን አልሰጥህም። ገና አልጨረስሁም።»

ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። መናኸሪያ ስንደርስ ለዐውደ ርእዩ ሰዎች ደወለና «የነገው ሰው አይመጣም» አላቸው። ሽማግሌ ተብዬ የሄድሁት እኔን ግን አንድ ቃል የጠየቀኝ አልነበረም።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጠጋ አልሁና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስንት ዘመን ያላልኋትን ነገር አልኋት።

«ምን አልህ?» አለች ሳትዞር። «ጮክ በልና ተናገር እንጂ!»