ኳስ የማያውቀው እንግሊዝ

ጎንደር ውስጥ ለእንግዳ ሰው የምናቀርበው ጥያቄ ተራ አለው። መጀመሪያ ስሙን እንጠይቃለን፤ ቀጥለን አገሩን፤ ከዚያ እናትና አባቱ በሕይወት መኖራቸውን። ሰውየው እነዚህን በደህና አልፎ ትንፋሽ ሲወስድ ዋናው ይመጣል፦ «የማን ደጋፊ ነህ?» የማን ስንል ከእንግሊዝ ቡድኖች የየትኛው ማለታችን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። የከተማችንን ቡድን መደገፍ እንደ መጠመቅ ስለሆነ አይጠየቅም። የእንግሊዙ ግን ምርጫ ነው፤ ምርጫ ስለሆነም ያጣላል።

ከፒያሳ አዘዞ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው የምለውን ያውቃል። ሹፌሩ ከፊቱ ባለው መስታወት ላይ በቀኝ በኩል ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ በግራ በኩል የእንግሊዝ ቡድኑን ዓርማ ለጥፏል። ሁለቱንም በየሳምንቱ ይለምናል። አንዱ ይሰማዋል።

የዛሬው ነገሬ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ይመለከታል፤ ሁለቱም ዘመዶቼ ናቸው። አያ ታደለ የእህቴ ባል ነው። የአዲ አርቃይ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በግ እየነዳ ሲነግድ ኖሮ በስተርጅናው አዘዞ ቤት ሠርቶ ገባ። ጋሽ ፍስሐ ደግሞ ከሆስፒታል ፋርማሲ ጡረታ የወጣ፣ የተማረ፣ ቀልድ የሚወድ፣ መቼ እንደሚያቆም ግን የማያውቅ ሰው ነው። የአያ ታደለ ልጅ ብርቱካን የጋሽ ፍስሐን ልጅ አግብታ ሁለቱ አባቶች ሲዛመዱ፣ አንድ የጎደለ ነገር ቢኖር የሚደግፉት ቡድን መለያየቱ ነበር። አያ ታደለ የቀዮቹ ነው፤ ጋሽ ፍስሐ የሰማያዊዎቹ። ትክክለኛ ስማቸውን አልጠራም። ብጠራ ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ማንበብ ታቆማላችሁ።

ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨዋታ ያያሉ፤ ይበሻሸቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠላ ይጠጣል። ሸጋ ዝምድና ነበር። አንድ እሑድ ግን ቀዮቹ ክፉኛ ተሸነፉ። ስንት ለስንት እንደሆነ አልናገርም፤ አያ ታደለ ይህን ሊያነበው ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ፍስሐ ነጠላውን እንደ ለቅሶ ደራሽ አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የአያ ታደለን በር አንኳኳ። «እግዜር ያጥናህ አያ ታደለ። ነፍስ ይማር» አለ። ሐሳቡ ይህን ብሎ፣ ተሳስቀው፣ ቁርስ በልቶ ለመመለስ ነበር። ችግሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሯ ላይ ቆማ ነበር። እናንተዬ፣ በአዘዞ ነጠላ ተዘቅዝቆ ሲገባ ያየ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንዴ እሪ ስትል ሰፈሩ ተከተላት። ሴቱ ደረቱን እየደቃ ወደ ግቢው ጎረፈ። አንዱ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ሊጠራ ሮጠ። አንዷማ አያ ታደለን በሩ ላይ በቁሙ ስታየው ደንግጣ አማተበች።

ጋሽ ፍስሐ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ታደለ ዘጋው። የሚጠራው «አቶ ፍስሐ» ብሎ፣ የሚያወራውም «እርሳቸው» እያለ ሆነ፤ በእኛ አገር ሰው ድንገት ማክበር ሲጀምር የተቀየመ መሆኑን ታውቃላችሁ። «በቁሜ ለቅሶ አስደረሱብኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ጋሽ ፍስሐም መጀመሪያ አዘነ፤ ቀጥሎ ተለማመጠ፤ በመጨረሻ እሱም ኮራ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ፣ ብርቱካን ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ልትነሳ ሳምንት ሲቀራት ሁለቱም አያቶች ቁርጣቸውን ተናገሩ። አያ ታደለ «እርሳቸው ባሉበት ድንኳን አልገባም» አለ። ጋሽ ፍስሐ «እንግዲያው እኔ በሌላ ቀን ለብቻዬ እደግሳለሁ» አለ። ብርቱካን ሕፃኗን ታቅፋ እኔ ቤት መጣች። ዐይኗ አብጧል። «አጎቴ፣ ልጄ አንድ ናት። ሁለት ድንኳን አይተከልላትም። ካላስታረቅካቸው ድግሱም ይቀራል፣ ዘመድም አልጠራም፤ እኔና ባሌ ብቻችንን ቤተ ክርስቲያን ወስደናት እንመለሳለን» አለችኝ። አደረገችውም ማለት ነው፤ በአባቷ ወጥታ ያለችውን አትለውጥም።

የንስሐ አባታቸው አስቀድመው ሞክረው ነበር። የነገሩን መነሻ ሲሰሙ ኳስን የሚመለከት ቃል በየትኛውም መጽሐፍ እንዳላገኙ ገልጸው በጨዋ ደንብ ወጡ። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ከዘመዱ ሁሉ ገለልተኛው እኔ ነኝ። እኔ የምደግፈው ቡድን ማንንም አስቀይሞ አያውቅም፤ ለማስቀየም አልፎ አልፎ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

አሁን ኮሊንን ላስተዋውቃችሁ። ኮሊን ለአንድ ዓመት ስለ አፈር ሊያስተምር ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣ እንግሊዝ ነው። እኔ በዚያው በአስተዳደር በኩል ስለምሠራ ቢሮው ከቢሮዬ ቀጥሎ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ የአገሩን ውጤት ሁሉ እነግረዋለሁ። «እውነትህን ነው? ግሩም!» ይለኛል። ቀዮቹ ሲያሸንፉም ግሩም፣ ሲሸነፉም ግሩም። እኔ ይህን የእንግሊዝ ጨዋነት አድርጌ ቆጠርኩለት። የማን ደጋፊ እንደሆነ አለመጠየቄ ሊገርማችሁ ይችላል። ቄስን «ትጾማለህ?» ብሎ መጠየቅ መስሎኝ ነው።

በወሰን የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ የሚያደርጉት መሬቱን የሚያውቀውን ሰው አይደል? የኳሱ ባለአገር ይምጣና ይዳኛችሁ ብዬ ለሁለቱም ሐሳብ አቀረብኩ። ወዲያው ተቀበሉ። ጋሽ ፍስሐ «የእንግሊዙን ፍርድ እቀበላለሁ» አለ። አያ ታደለ ከዚያም አልፎ «ይምጣ፤ የነሱ ጉዳይ ነው» አለ። ከበደኝ ያልኩት ቀኑን መቁረጡ ነው፤ ጾም ያልሆነ፣ በዓል ያልሆነ፣ ጨዋታም የሌለበት ቀን ፍለጋ ተቸግረን ማክሰኞ ከሰዓት ላይ ተስማማን።

ግቢዬ ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ወንበር ደረደርኩ። ሁለቱ ባላንጣዎች አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ አጥሩ ዞረው ተቀመጡ። መሐል ላይ ኮሊን ጠላውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሥነ ሥርዓት እንዳያበላሽ ትንፋሹን ሳይቀር እየቆጠበ ተቀመጠ። አያ ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ጥያቄዬ አንዲት ናት። በእናንተ አገር ቡድን ሲሸነፍ ነጠላ አዘቅዝቆ ለቅሶ ይደረሳል ወይስ አይደረስም? እሷን ብቻ ንገረኝ።»

ተረጎምኩለት። ኮሊን ጆሮው ድረስ ቀላ። በእንግሊዝኛ የመለሰልኝን ሰምቼ ድገምልኝ አልኩት፤ ደገመው። ያው ነው። ጋሽ ፍስሐ እንግሊዝኛ ባይችል ኖሮ፣ እምላችኋለሁ፣ በዚያች ቅጽበት ለኮሊን አንድ ቡድን ሰጥቼው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋፊ አድርጌው ነበር። ጋሽ ፍስሐ ግን ይችላል። ጠላውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምን አለ?» አለ አያ ታደለ።

«ኳስ አላይም አለ» አለው ጋሽ ፍስሐ።

ከዚያ ለቅሶ ወዲህ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቱም አላስተዋሉትም። እኔ ግን አስተዋልኩ።

«ምነው? ታሟል?» አለ አያ ታደለ፣ ከልቡ አዝኖ።

ኮሊን ማስረዳት ጀመረ። በአገሩ ኳስ የሚያየው ሰው በእርግጥ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ወንድሙ የሚከታተለው ራግቢ ነው። እናቱ በበጋ የቴኒስ ውድድሩ ሲደርስ ስልክ አታነሳም፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ቴኒስን አታስታውሰውም። እህቱ ክረምት ከበጋ ጎህ ሲቀድ ወንዝ ወርዳ ጀልባ ትቀዝፋለች። አጎቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ክብ ሰሌዳ ትንንሽ ቀስት ይወረውራል፤ ያንንም በቴሌቪዥን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሕዝብ አለ። «ከማየት አልፎ ራሱ የሚሠራውን ካላችሁኝ ግን፣ ብዙው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ቅዳሜና እሑድ ተራራ ላይ እንሄዳለን» አለ።

አያ ታደለ እጁን አነሳ። «ቆይ። በእግር መሄድ ስፖርት ነው?»

«ነው።»

«በግ እየነዳሁ ከአዲ አርቃይ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቼ ደባርቅ ስገባ ስፖርተኛ ነበርኩ ማለት ነው?»

«ትልቅ ስፖርተኛ» አለ ኮሊን ሳይቀልድ። አያ ታደለ በኩራት ወደ ጋሽ ፍስሐ ዞረ፤ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሲያዞርለት አየሁ። ኮሊን ቀጥሎ እኛስ ራሳችን ምን እንደምንጫወት ጠየቀ። ጋሽ ፍስሐ ሆዱን ዐየ። እኔ ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩበት አዘዞ ያለው ሜዳ አሁን ቤት ተሠርቶበታል፤ ከቤቶቹ አንዱ የኔ ስለሆነ እኔ ጠላ ልቀዳ ተነሳሁ።

«አንተስ ራስህ ምን ታያለህ?» አለው ጋሽ ፍስሐ፣ ለማስቀየስ።

«ክሪኬት፤ ትንሽ ኳስ በእንጨት የሚመታበት ጨዋታ። ከአባቴ የወረስኩት ነው» አለና ፊቱ በራ። ትልቁ ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል። ተጫዋቾቹ ነጭ ይለብሳሉ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጨዋታው ቆሞ ምሳ ይበላል፤ ኋላም ለሻይ ይቆማል። ዝናብ ከመጣ ሁሉም ገብቶ ይጠለላል። አንዳንዴ አምስቱ ቀን አልቆ ማንም ማንንም ሳያሸንፍ ተጨባብጠው ይለያያሉ።

አያ ታደለ ትርጉሙን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ነጭ ለብሰው? አምስት ቀን ውለው? በልተው ጠጥተው፣ አሸናፊ ሳይኖር?» አለ። «ምነው ታዲያ፣ ይህማ ሽምግልና ነው!»

ጋሽ ፍስሐ ሳቀ። አያ ታደለም አብሮት ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው፤ ለብዙ ወራት የያዘውን ነገር አወጣው።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር የሳቅኸው» አለ። አንተ ነው ያለው። «ለቅሶዬን በቁሜ አየሁት። ሰው እያለቀሰ ይገባል፤ አንተ በሩ ላይ ትስቃለህ። ስሞትም እንዲህ ይስቃል አልኩ። እሷ ናት ያቃጠለችኝ እንጂ ኳስማ ምን አባቱ።»

ጋሽ ፍስሐ፣ ያ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ ነጠላውን አስተካከለ፤ መልሶ አስተካከለ።

«አንተ ሞተህማ ኳሱን ከማን ጋር አየዋለሁ?» አለ በመጨረሻ። «ይኸው ስትዘጋኝ ጊዜ ብቻዬን አየዋለሁ። ሰማያዊዎቹ ያገባሉ፤ የማናድደውም የሚያናድደኝም ሰው የለም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እተኛለሁ።» ተነሥቶ ሄዶ የአያ ታደለን ትከሻ ሳመ። አያ ታደለም ሳመው። እኔ እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

እርቁ በዚህ ቢያበቃ ሸጋ ነበር። ግን ተቃቅፈው እንደቆሙ ሁለቱም ባንድነት ወደ ኮሊን ዞሩ።

«ልጄ፣ ጭራሽ ቡድን የለህም?» አለ አያ ታደለ።

«የለኝም።»

ተያዩ። ጋሽ ፍስሐ ራሱን ነቀነቀ። አያ ታደለም ነቀነቀ። ከዚያ ሁለቱንም ያስማማውን ፍርድ አያ ታደለ ተናገረ፦ «ይሄ ልጅ እንግሊዝ አይደለም። አታልሎሃል» አለኝ። ጋሽ ፍስሐ «እሱ ድሮም ሰው አያውቅም» ብሎ ደገፈው። እጅ ለእጅ ተያይዘው እኔን እያሙ ወጡ።

ክርስትናው ባንድ ድንኳን ሆነ። ብርቱካን ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ሁለቱ አያቶች ኮሊንን መሐላቸው አስቀምጠው፣ አንዱ በቀኝ ጆሮው ስለ ቀዮቹ፣ አንዱ በግራ ጆሮው ስለ ሰማያዊዎቹ ሲሰብኩት አመሹ። ለእንግሊዝ የእንግሊዝን ኳስ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያደክም በማግስቱ ድምፃቸው ሲዘጋ አየነው። ኮሊን ግን አስተዋይ ሰው ነው። ማንንም ላለማስቀየም አስቦ የኔን ቡድን መረጠ። «ይህ ቡድን ማንንም የሚያጣላ አይመስለኝም» አለኝ። ደስ አለኝ። ብቻዬን ስንት ዘመን ተሸነፍኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ተሸነፍን። ሰኞ ጠዋት ውጤቱን ልነግረው በሩ ላይ ስቆም «ግሩም» አላለኝም። ዐይቶታል። ፊት ለፊት እንደተቀመጥን በሩ ተንኳኳ፤ አያ ታደለና ጋሽ ፍስሐ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ገቡ። «እግዜር ያጥናችሁ። ነፍስ ይማር» አሉ በአንድ ድምፅ። ኮሊን ብድግ ብሎ በደንባችን መሠረት እጅ ነሥቶ ወንበር አቀረበላቸው። ከኮሪደሩ ጫፍ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ እሪታ ተሰማ።

እኔ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ዘግቻቸዋለሁ። ብርቱካን የሚያስታርቀን ሰው እየፈለገች ነው፤ ግን ከየት ይምጣ? ጎንደር ውስጥ ኳስ የማያውቅ እንግሊዝ የነበረን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አበላሽተነዋል።