የአለቃችን አዲስ ርኅራኄ

አለቃችሁ ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እፈራለሁ። አቶ ደምሴ ድሮ ቁጡ ነበሩ፤ እኛም ቁጣቸውን ለምደነው ነበር። የሠራተኛን ስሜት የሚረዳ መሪ ስለመሆን ባሕር ዳር ሦስት ቀን ሠልጥነው ደብረ ታቦር ሲመለሱ ግን ድምፃቸው ለስልሶ፣ ዓይን ዓይናችንን ማየት ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን ብርቄ የምትባል የመዝገብ ቤት ባልደረባችን እናቷ ይፋግ ላይ አረፉባት። ወንድሟ ለአቶ ደምሴ ደውሎ፣ «እባክዎ፣ ‹እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል› ብለው ብቻ ይላኩልን። መርዶውን ዘመድ ተሰብስቦ ጠዋት ይነግራታል» አላቸው። መርዶ ደጋፊ በሌለበት እንደማይነገር የማያውቅ አለ?

ሥልጠናው ግን «ስሜትን አትሸፋፍኑ» ብሏል። ብርቄን አስጠሯት። እኔ የፈቃድ ወረቀት ላስፈርም እዚያው ቆሜያለሁ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ብርቄ፣ አሁን ምን ይሰማሻል?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሐዘን አይሰማሽም?»

«ኧረ የምን ሐዘን?»

«እናትሽ አርፈዋል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማዳመጣቸው ነው።

ብርቄ ጮኻ ወለሉ ላይ ስትወድቅ አጠገቧ እኅት የለ፣ አክስት የለ፤ እኔና ወረቀቴ ብቻ። የድሮው አለቃ ቢሆኑ ኖሮ «ተነሽ፣ ቤትሽ ይፈልጉሻል!» ብለው ጮኸው ይልኳት ነበር። ያ ጩኸት ምን ያህል ደግ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

ዛሬ አቶ ደምሴ በለሰለሰ ድምፅ «እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ አልመልስላቸውም። ወደ ውጭ ወጥቼ እናቴ ጋ እደውላለሁ።