ተቆጣጣሪው ያደነቀው አልጋ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የተረተው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽማግሌ ሊመጣበት ያለ ቤት ጎረቤት ሆኖ አያውቅም። እኛ የጅማ አውራጃዋ ሰቃ ከተማ ሰዎች እንግዳ ይመጣል ሲባል፣ ማን ምን አለው ብለን አንጠይቅም፤ ምን ጎደለው ብለን ነው። የአንዱ ወንበር፣ የሌላው ምንጣፍ፣ የሌላዋ ማንቆርቆሪያ በጓሮ በኩል ይገባና፣ ትናንት አይጥ እንኳ ንቃ የተወቻት ጎጆ ዛሬ የባላባት ቤት መስላ ትውላለች። እንግዳው ያደንቃል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ ዕቃውም ወደየቤቱ ይበተናል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። በዚህ የምትስቁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ከጎረቤት የተዋሳችሁትን ድስት መልሳችሁ ሳቁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከሱዳን በኩል ጦርነት ያፈናቀላቸውን ጥቂት ቤተሰቦች አንድ የእርዳታ ድርጅት አምጥቶ ከከተማችን ዳር አስፍሯቸው ነበር። ከነሱ አንዷ፣ አርየት፣ ጎረቤቴ ሆነች። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ባሏን በመንገድ የቀበረች፣ ልጆቿን በመርፌ የምታሳድግ ሴት ናት። በእጇ የሰፋችውን ያየ በመኪና የተሰፋ ይመስለዋል። ድርጅቱም የስፌት መኪና ሊሰጥ አስቦ፣ አስቀድሞ ግን እስካሁን የሰጠው እርዳታ ምን እንደፈየደ ቤት ለቤት አይቶ የሚናገር ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። መኪናው ለተቋቋመ ይሁን ለተቸገረ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም። እንግዳ ይመጣል መባሉ በቂያችን ነበር።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ በዚህም የተነሳ የብዙ ነገር መጀመሪያ አውቃለሁ፣ መጨረሻው ሌላ ደንበኛ ዘንድ ነው ያለው። ሪፖርት ስለሚባል ነገር ግማሽ ገጽ አንብቤ ነበርና የዝግጅቱ አዋቂ አድርጌ ራሴን ሾምኩ። ቡና ነጋዴው ጎረቤታችን አባ መጫ፣ «ከብት የሌለበት ደጅ ለእንግዳ ማሳየት ወላሂ ነውር ነው» ብለው የምትታለብ ላማቸውን ጎትተው ከአርየት ደጅ አሰሩ። ጥጃዋን ግን እቤታቸው አስቀሩ። እኔ ከሻይ ቤቴ ኋላ በሰቃ አንድ ለእናቷ የሆነች የእንግዳ ክፍል አለችኝ፤ በውስጧም ከጅማ መርካቶ በጭነት መኪና ያስመጣኋት፣ በአራቱም ማዕዘን ሎሚ የሚያህል የነሐስ ጌጥ የተሰካባት የብረት አልጋ። እሷን ከነፍራሿ፣ ማንቆርቆሪያዬንም ጨምሬ ላክሁ።

ተቆጣጣሪው ከረባት ያሰረ ለጋ ሰው ነበር። የነሐሱን ሎሚ ዳበስ አድርጎ ያንቺ ነው ወይ ሲላት አርየት ወደኛ አየት አድርጋ፣ «ቤቴ ውስጥ ነው» አለችው። ደስ ብሎት ወደኛ ዞረ።

«ይቺ እናት ተቋቁማለች። እንግዲህ መኪናው ለባሰበት ቤተሰብ ይሰጣል።»

አርየት መርፌ ያቆሳሰለውን ጣቷን በቀሚሷ ሸፈነች።

እውነቱን ማን ይናገር? አንዲትን ሴት በእንግዳ ፊት «ይቺ ባዶዋን ናት» ማለት በኛ ዘንድ ከስድብ ይከፋል። በመርካቶ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራው ምላሴ ያን ቀን ከላንቃዬ ተጣበቀ። አባ መጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ፤ ከዚያ ሌላ የወጣ ነገር የለም። ሰውየው ተሰናብቶን ሄደ።

ዝናቡ ግን ይሉኝታ አልነበረውም። ሰውየው የመጣበትን ላንድሮቨር ከከተማው መውጫ ጭቃ ውስጥ ቀረቀረውና፣ ተቆጣጣሪው ጫማውን በእጁ ይዞ ወደኔ ሻይ ቤት ተመለሰ።

«እትዬ፣ የሚከራይ ክፍል አለ አሉኝ።»

«አለ» አልኩ፣ የንግድ አመል ነውና። በሩን ከፈተው። የአልጋው እግሮች በወለሉ ላይ የተዉት አራት ምልክት ብቻ ነበር።

«አልጋውስ?»

«እየመጣ ነው።»

መምጣቱስ እየመጣ ነበር! አባ መጫ እንግዳው እኔ ዘንድ እንደሚያድር ሰምተው፣ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ እንግዳ መሬት ሊተኛ ነው?» ብለው ኖሮ፣ አልጋዬ ኮባ ቅጠል ተከናንባ በጎረምሶች ትከሻ ላይ በፊት ለፊት በር ገባች። አርየት ፍራሹን ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። ወዲያው የጥጃዋን ድምፅ የሰማችው ላም ገመዷን እየጎተተች በበራችን ሽው አለች። አባ መጫም ከኋላዋ ሽው አሉ። ማንቆርቆሪያዬም ደርሳልኝ ሻይ ቀዳሁለት።

ሰውየው የነሐሱን ሎሚ እንደገና ዳበሰ። ቁጣውን ስጠብቅ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ለካ እህቱ የታጨች ዕለት ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ሶፋ የጎረቤት ኖሯል! ሳቁ ሲበርድለት አርየትን አያት።

«ታዲያ አንቺ ምን አለሽ?»

«መርፌ አለኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ስለ መኪናው ያልኩትን አንስቻለሁ አለና፣ አርየት ቤት ባደነቃት በኔው አልጋ ላይ ተኛ። ክረምቱ ሲወጣ መኪናው መጣላት።

ያለቀ መስሏችኋል። በዓመቱ ደግሞ መኪናው ሥራ ላይ መዋሉን የሚያይ ሌላ ተቆጣጣሪ መጣ፤ ይኼኛው መነጽር ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። አርየት ቤት ቢሄዱ መኪናው የለም። ለሠርግ ልብስ አባ መጫ ልጅ ዘንድ ሄዷል ተባሉ። እዚያ ቢደርሱ ወደኔ ተሻግሯል። በመጨረሻ እኔ የሻይ ቤቴን መጋረጃ ስዘመዝም፣ ላብ እያጠመቃቸው ከበሬ ቆሙ።

«ይኼ መኪና የማን ነው ልበል?» አሉኝ።

«የአርየት ነው። መጀመሪያ ግን አረፍ ይበሉ» ብዬ ዞር ብል፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበር እንኳ የለም። ለካ ሁሉንም አርየት ጠዋት ወስዳቸዋለች።

ተቆጣጣሪ ይመጣብኛል ብላ።