ስለ ምድር ቤቱ ስበትና ስለ ዶሮዋ

የምርምር ተቋሙ የአራቱ ክፍሎች የጋራ ኮሚቴ ያደረገው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጎብኚዎች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው
ቦታ፦ ምድር ቤት፣ በስበት መለኪያው ክፍል በር ላይ ያለው ኮሪደር (የስብሰባ አዳራሹ ለጎብኚዎቹ ተወልውሎ ስለ ተቆለፈ)
ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦
1. የተቋሙ ዳይሬክተር፣ ሰብሳቢ
2. የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ
3. የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ
4. የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ
5. የግብርና ክፍል ኃላፊ
6. የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ጸሐፊ (ድምፅ የለውም፤ ወንበርም አልደረሰውም)

ለማሳጠር ሲባል ኃላፊዎቹ በየክፍላቸው ስም ተጠርተዋል። ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ ድምፅ ካላቸው አምስት አባላት አምስቱም ተገኝተዋል። ይህ ተቋሙ ከተቋቋመ ወዲህ ሆኖ አያውቅም። ሰብሳቢው አባላቱን ለሥራ ስላሳዩት ትጋት ሲያመሰግኑ፣ ኬሚስትሪ እሳቸው የመጡት ወሬው ስለ ጣማቸው ብቻ መሆኑ እንዲታወቅላቸው ጠይቀዋል።

የስብሰባው ምክንያት

የግብርና ክፍል አንዲት ዶሮ ጠፍታበት ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ግብርና ራሳቸው ዶሮዋን ከስበት መለኪያው ክፍል የአየር መውጫ ብቅ ስትል ደረሱባት። ተከትለው በቀዳዳው ቢያጮልቁ መለኪያው ላይ አሥራ አንድ እንቁላል አይተዋል። መለኪያው እንዳይበርደው በውስጡ ማሞቂያ አለው። ክፍሉ ጨለማና ጸጥተኛ ነው። የሰው ኮቴ ንባቡን ስለሚያናጋ ማንም አይገባበትም፤ ፊዚክስም ቢሆኑ ንባቡን የሚከታተሉት ጎን ካለው ክፍል በስክሪን ነው። በአጭሩ፣ ዶሮ ብትፈልግ ከዚህ የተሻለ ቤት አታገኝም።

በዚያው ሦስት ሳምንት ውስጥ ፊዚክስ የምድር ቤቱ ስበት መጨመሩን፣ በየቀኑም እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ጊዜ ቀንሶ እንደሚመለስ ለአንድ ትልቅ የሳይንስ ጉባኤ ጽፈዋል። ጉባኤው ጋብዟቸዋል። ሰብሳቢውም ለነገዎቹ ጎብኚዎች አስቀድመው ነግረዋል። የዶሮዋን ወሬ ግን የሰሙት ትናንት ማታ ነው።

አጀንዳ 1፦ ዶሮዋን ከክፍሉ ስለ ማስወጣት

ሰብሳቢው ጉዳዩ ውይይት እንደማያስፈልገው፣ ጎብኚ የሚመጣበት ተቋም ውስጥ ዶሮ መሣሪያ ላይ ተቀምጣ መታየት እንደሌለባት፣ ስለዚህም ዛሬውኑ እንድትወጣ አዝዘው ወደ አጀንዳ 2 ለማለፍ ሞክረዋል።

ግብርና በሩ ላይ በጀርባቸው ተደግፈው ቆሙና የሚከተለውን አስረድተዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ዶሮ ሲያዳቅሉ ኖረዋል። ብዙ የምትጥለው መታቀፍ አትወድም፤ መታቀፍ የምትወደው ደግሞ በወግ አትጥልም። ይህቺኛዋ ከመጥፋቷ በፊት እየተደበቀች በየቀኑ ማለት ይቻላል ስትጥል ከርማ፣ ማንም ሳያስገድዳት ታቀፈች። ሊፈለፈሉ የቀራቸው አንድ ሁለት ቀን ነው። አሁን ከተነካች እንቁላሎቹን ትታ ትሄዳለች፤ እንቁላሎቹም በርዷቸው ያልቃሉ። “ስድስት ዓመት ስለምናት ኖሬ እሺ ያለችኝ አሁን ነው። ልታስነሷት ከሆነ መጀመሪያ እኔን አንሱኝ” ብለዋል።

ሰብሳቢው እንቁላሎቹ ለምን ወደ መፈልፈያ ማሽኑ እንደማይዛወሩ ጠየቁ። ግብርና ማሽኑን ኬሚስትሪ ብልቃጥ ማድረቂያ ካደረጉት ዓመት እንዳለፈው መለሱ። ኬሚስትሪ ብልቃጥ እርጥብ ሆኖ እንደማይሠራበት አስታወሱ። ግብርና እንቁላልም በርዶት እንደማይሠራ አስታወሱ። በዚህ ላይ ወደ ኋላ ተሂዶ አራት ዓመት የቆየ የማንኪያ መጥፋት ጉዳይ ተነስቷል፤ አልተቋጨም።

ባዮሎጂ ሁሉም ሰው በእንቁላል ውስጥ ጫጩት አለ እያለ በእምነት እየተነጋገረ መሆኑን ተችተው፣ አንዱን እንቁላል ሰብሮ በማየት ነገሩ እንዲረጋገጥ ሐሳብ አቀረቡ። ግብርና ፍተሻው ከባዮሎጂ ጭንቅላት እንዲጀመር ተለዋጭ ሐሳብ አቀረቡ። ተለዋጩ ሐሳብ ደጋፊ አላገኘም፤ ኬሚስትሪ ግን እጃቸውን አውጥተው ፀጉራቸውን ያከኩ መስለዋል።

ግብርና ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና ትንሽ እንታገሥ ቢሉ፣ ባዮሎጂ በአባባሉ ላይ ሙያዊ ቅሬታ አሰሙ። እንደ እሳቸው ገለጻ በእግሩ የሚሄደው ጫጩት ነው፤ እንቁላል ባለበት ይቀራል። ከረጅም ውይይት በኋላ አባባሉ በባዮሎጂ ክፍል ተጣርቶ እስኪቀርብ በተቋሙ ግቢ ውስጥ እንዳይነገር ተወሰነ።

ቀጥሎ ፊዚክስ ንግግር ጠየቁ። በሩ ከተከፈተ ልኬቱ እንደሚበላሽ፣ ዶሮ አለች የሚባለውም በፊዚክስ ክፍል በኩል ገና ያልተረጋገጠ መሆኑን ተናገሩ። እንዴት እንደሚረጋገጥ ሲጠየቁ፣ በሩን በመክፈት ብቻ እንደሆነ፣ በሩ ደግሞ እንደማይከፈት አስረዱ።

ሰብሳቢው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩና እንዲህ ብለዋል፦ “ወይ ስበት ነው፣ ወይ ዶሮ ነው። ሁለቱንም ለእንግዳ ማቅረብ አልችልም። ስበት ከሆነ ለሳይንስ ስንል በሩ እንደ ተዘጋ ይቆያል። ዶሮ ከሆነች ግን አሁኑኑ ከፍተን እናወጣታለን።” በዚህ መሠረት የዶሮዋ ዕጣ በአጀንዳ 2 ላይ ተንጠለጠለ።

አጀንዳ 2፦ ስበት ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?

ኬሚስትሪ ስበቱ እኩለ ቀን ላይ የሚቀንሰው ዶሮዋ ጥሬ ልትለቅም ስትወጣ እንዳይሆን ጠየቁ። ፊዚክስ ይህ ስበት የምሳ ሰዓት እንዳለው ቢያሳይ እንጂ ዶሮ መኖሯን እንደማያሳይ መለሱ። መልሱን ሲሰጡ የሚያዩት ወለሉን ነበር።

ኬሚስትሪ ጥቂት አሰቡና አቋማቸውን ቀየሩ። ስበት ጨምሮ ከሆነ የክፍላቸው ሚዛኖች ሁሉ ሲያሳስቷቸው ኖረዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያልተሳካላቸው ሙከራ፣ ጣሪያውን ያጠቆረውን ጨምሮ፣ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ስበቱ የጨመረው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ብቻ መሆኑ ሲነገራቸው፣ ስበት የሚያህል ነገር በአንድ ቀን እንደማይመጣና ቀደም ብሎ ሲዘጋጅ እንደ ነበር ተከራከሩ።

ባዮሎጂ አይጦቻቸው ከሰሞኑ እንደ ሰነፉና ስበት ተጭኗቸው ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። ሰብሳቢውም ባለቤታቸው በቅርቡ “ወፍረሃል” እያሏቸው መሆኑን፣ ምክንያቱ ይኸው ስበት ከሆነ ግን ሊያጽናናቸው እንደሚችል ገልጸው፣ ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ አሳስበዋል። ጸሐፊው እንዳይገባ ማሳሰባቸውን መዝግቧል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ወደ ግብርና ዞሩ። ዶሮዋን በዓይናቸው ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግብርና በሩን አዩ፤ ሰብሳቢውን አዩ። በመጨረሻም ትናንት ከቀዳዳው ሲወጣ ያዩት ነገር ላባ ያለው ቢመስልም አሁን ሲያስቡት ስበት እንደ ነበር፣ ስበትም በእርግጥ ጨምሮ እንዳገኙት ተናገሩ። ሃያ ዓመት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ፊታቸው ቀላ፤ ጸሐፊውም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ድምፅ ተሰጠ። አራት አባላት ስበት ጨምሯል ሲሉ ፊዚክስ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ግኝቱ የራሳቸው ስለ ሆነ ከትሕትና ነው ተብሎ ታለፈ። ስለዚህ ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ) የምድር ቤቱ ስበት ጨምሯል።
ለ) ስበቱ እስኪረጋጋ በሩ አይከፈትም።
ሐ) የኬሚስትሪ ክፍል የዓመቱ ጥፋት በሙሉ ወደ ስበት ተዛውሯል፤ የጣሪያው ጥቁረት በልዩ ሁኔታ ይታያል።
መ) ጎብኚዎቹ ሲወርዱ እንዳይደናቀፉ ስበቱ ለግማሽ ቀን በመጠኑ እንዲቀነስ፣ አፈጻጸሙንም ፊዚክስ እንዲከታተሉ።
ሠ) ዶሮዋ፣ ካለች፣ በጉብኝቱ ወቅት ድምፅ እንዳታሰማ።

ፊዚክስ ተራ ቁጥር “መ”ን ለመፈጸም አቅም እንደሌላቸው ሲያመለክቱ፣ ሰብሳቢው ሰው ለሥራ ፈቃደኛ ከሆነ የማይቻል ነገር እንደሌለ መክረዋቸዋል።

አጀንዳ 3፦ የጎብኚዎች አቀባበል

አበባውን ማን ይስጥ በሚለው ላይ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እየተከራከሩ ሳለ፣ ከበሩ በስተጀርባ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሰብሳቢው የማን ስልክ እንደሆነ ጠየቁ። ድምፁ ደገመ። ኬሚስትሪ ስበቱ እየተረጋጋ ይሆናል አሉ። ባዮሎጂ ስበት ጺው ጺው ሲል በሙያቸው ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ።

ግብርና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ፊዚክስ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ተነሱ፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ውሳኔ “ለ” የተጻፈበት ቀለም ሳይደርቅ በሩን ከፈቱት። ዶሮዋ መለኪያው ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣለች። ሁለት ጫጩቶች ከክንፏ ሥር ብቅ ብለዋል። ሦስተኛዋ ከመለኪያው ወድቃ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። ፊዚክስ ተንበርክከው አነሷት፤ በሁለት መዳፋቸው ይዘው በትንፋሻቸው ያሞቋት ጀመር። ግብርና ከበሩ ሆነው “አለች?” ሲሉ ጠየቁ። ፊዚክስ ጫጩቷን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ከዚያ “አለች” አሉ።

ግብርና ምርር ብለው አለቀሱ፤ ከለቅሶው መሐል ሳቅ ነበረበት። ጸሐፊውም እጅግ ደስ ብሎታል፤ ደስታ በቃለ ጉባኤ አይግባ የሚል መመሪያ ስላላገኘ መዝግቦታል።

ግብርና ዓይናቸውን ጠርገው የሰጡትን ድምፅ መሳብ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። “ስበት አልጨመረም። የዋሸሁት ለእነዚህ ነው። አሁንም ቢሆን መልሼ እዋሻለሁ” ብለዋል። ኬሚስትሪ የዓመት ጥፋታቸው ተመልሶ በራሳቸው ላይ ሊጫን መሆኑን በመግለጽ አጥብቀው ተቃወሙ። ሰብሳቢው ተቋሙ ግኝቱን አስቀድሞ መናገሩን፣ የተናገሩት ከሚጠፋም የወለዱት ይጥፋ እንደሚባል አሳሰቡ። ግብርና ካፖርታቸውን አውልቀው በጫጩቶቹ ፊት ጋርደው፣ ይህ ምሳሌ ዛሬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ፣ ሁለተኛ እንዳይነሳ ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ ፊዚክስ ጫጩቷን እንደ ያዙ ንግግር ጠየቁ። የተናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍላቸው ስለ ፈለጉ እነሆ፦

“ዶሮዋን ካወቅኋት ሁለት ሳምንት አልፎኛል። በቁልፉ ቀዳዳ አይቻታለሁ። በአየር መውጫው ደጅ ውኃና በቆሎ ሳስቀምጥላት የነበርኩት እኔ ነኝ። ለጉባኤው የጻፍኩት ሳላውቅ ነው፤ ካወቅሁ በኋላ ግን አልተውኩትም። ለምን ካላችሁኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ምድር ቤት ገብቼ ‘ለውጥ የለም’ ብዬ ፈርሜ ወጥቻለሁ። ስበት እኮ አይለወጥም፤ የእኔ ሥራ አለመለወጡን መጠበቅ ነው። አንድ ጠዋት ስገባ የስክሪኑ መስመር ከፍ ብሎ ጠበቀኝ። በእኔ ዘመን የሆነ ነገር መጥቶ የተቀመጠው ያን ቀን ብቻ ነው። ዶሮ መሆኗን ሳውቅም እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም።”

ሰብሳቢው ለጎብኚዎቹ ታዲያ ምን እንደሚሏቸው ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁ። ግብርና “ጫጩት ተፈለፈለ በሏቸው” አሉ። ሰብሳቢው በእውነት የሚታይ ሌላ ነገር ተቋሙ ውስጥ መኖሩን ለማስታወስ ጥቂት ሞክረው ተስማሙ። ግብርና ወደ ፊዚክስ ጠጋ ብለው፣ “ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎም ያሳድጓቸዋል፤ እኔ ብቻዬን አልችልም” ሲሉ ተሰሙ። ይህ ለስብሰባው የቀረበ ሐሳብ አልነበረም፤ ስለዚህ ድምፅ አልተሰጠበትም።

ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አራተኛው እንቁላል መሰንጠቅ ስለ ጀመረ ተቋረጠ። ከመቋረጡ በፊት በፊዚክስ አቅራቢነት፣ ያለ ምንም ውይይት፣ የሚከተለው ተወሰነ፦

በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። የእንቁላሉ አባባል በግቢው እንደ ልብ ይነገር። የኬሚስትሪ ጥፋት ለኬሚስትሪ ተመልሷል። ዶሮዋ በፈቃዷ እስክትነሳ የሚያስነሳት አይኖርም። ለጉባኤው የተላከው ጽሑፍ እንዲመለስ ይጻፋል። የመሬት ስበትም ከዚህ ስብሰባ በፊት በነበረበት ሁኔታ ይቀጥላል።

ለመጨረሻው ነጥብ አራት እጆች ወጡ። ፊዚክስም ጫጩቷን ወደ ግራ መዳፋቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን አወጡ።