የሚጡ ስኳር

እኛ አገር መወፈር ሙገሳ ነው። ሰው ሰውን ሲያገኝ «ተመችቶሃል!» ብሎ ጉንጩን ይስመዋል፤ ከስቶ ካገኘው ደግሞ «ምን ሆንክ?» ብሎ እዚያው መንገድ ላይ ሊያለቅስለት ይደርሳል። ይህ ሕግ ለድመትም እንደሚሠራ ያወቅሁት ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ነው። ድመቴ ሚጡ በሩ ላይ ተንጋላ ስትተኛ ያየ ሁሉ «ይቺስ አለፈላት!» ይል ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ልጄ የተመሰገነች ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሚጡን ውኃ ጠማት። ጣሳዋን ጨርሳ የሻወሩን ወለል ትልስ ጀመር። አሸዋዋን በቀን ሁለቴ ብቀይርም በሽንት ይርሳል። የሰጠኋትን ትበላለች፣ ያልሰጠኋትንም ትበላለች፣ ግን የጀርባ አጥንቷ በጣት እስኪቆጠር ከሳች። ምክር በብሎካችን ነፃ ነው። አንዱ «ቡዳ በልቷት ነው» አለ፤ ሌላዋ «ትል ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ስጣት» አለች። የኋላ እግሯ ከድቷት በተረከዟ መጎተት ስትጀምር ግን በካርቶን አቅፌ ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጥኩ።

ሐኪሟ ደሟንና ሽንቷን መርምራ «ስኳር ነው» አለች። «ጠዋትና ማታ፣ ሰዓት ሳይዛነፍ፣ በልታ ስትጨርስ በለካሁልህ ልክ ኢንሱሊን ትወጋለህ። ሥጋ ብቻ ትብላ። አልበላም ካለች ወይም እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደች እንዳትወጋት፣ ቶሎ ደውልልኝ። ካልተጠነቀቅህ ትሞታለች።» የነጭ ሽንኩርቱን ምክር ስነግራት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ለካ ለድመት መርዝ ነው።

ይህን ለጎረቤት ብናገር ሳቁብኝ። «የድመት ስኳር! ደግሞ ምን ቀራት፣ ደም ብዛት?» እስቲ እናንተው ፍረዱ! የስኳር ክኒን የሌለበት ጓዳ በብሎካችን ስንት ነው?

ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወጋኋት። ለውጥ የለም። አንድ ቀን ጢሟ ላይ ነጭ ነገር አይቼ ባሸተው ክሬም ነው። እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ ብዕሬን አንስቼ ደረጃው ሥር ለጠፍኩ፦ «ሚጡ ለተባለችው ድመት ማንኛውንም ምግብ መስጠት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» በማግስቱ ከሥሩ በእስክርቢቶ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ጨካኝ! በረሃብ ልትገድላት ነው?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እሑድ ጠዋት ሚጡን ተከተልኳት። እየተጎተተች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች፤ ገርበብ ባለ በር ገባች። እትዬ አስካለ፣ ሃያ ዓመት ከስኳር በሽታ ጋር የኖሩት እትዬ አስካለ፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ለድመቴ የክሬም ኬክ በማንኪያ ያጎርሳሉ!

«እርስዎ? ከሰው ሁሉ እርስዎ?» አልኩ።

«ታዲያ ምን ላድርገው? ጠያቂ ሁሉ ኬክ ተሸክሞ ይመጣል። ልጆቼ እንዳልቀምስ አስምለውኛል። እኔ ባልበላው ስትበላ ልይ እንጂ!»

ልብ በሉ። የስኳር ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጅ ነውር ነው ብሎ ኬክ ይገዛል! ይህ ጥየቃ ነው ወይስ ግድያ?

«ሚጡም ስኳር አለባት፤ ልትሞትብኝ ነው እኮ» አልኩ።

እትዬ አስካለ ማንኪያውን አስቀመጡ። «በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ከወረድኩ ስንት ጊዜዬ፤ ማን ነገረኝ?» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እውነታቸውን ነው፤ ደረጃው ሥር ለጠፍኩ እንጂ በራቸውን አላንኳኳሁም። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን እጄን አዩት። «አንተ ነህ በዚህ እጅ የምትወጋት? እኔ ሃያ ዓመት ራሴን ወግቻለሁ፤ በል መድኃኒቷን አምጣ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሚጡን ይዤ እሳቸው ቤት እወጣለሁ፤ ሥጋዋን አብልተን፣ ሐኪሟ በለካችው ልክ እሳቸው ይወጓታል፤ እሷም ጭጭ ትላለች። ወሩ ሳያልቅ ደረጃውን በሩጫ መውጣት ጀመረች።

ኬኩ ግን መምጣቱን አላቆመም። እህል ደግሞ አይጣልም። «አንተ ጤነኛ ነህ፣ በል ብላልኝ» ይሉኛል፤ እኔ ስጎርስ እሳቸው እያዩ ደስ ይላቸዋል። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ እበላለሁ።

ትናንት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ «ተመችቶሃል!» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ደስ አለኝ። ብቻ ሰሞኑን ውኃ ውኃ ይለኛል።