እንቁላል ሲሮጥ

(የክለብ ልምምድ ሜዳ። ሣሩ ላይ የገመድ መሰላል ተጋድሟል፤ ከፊቱ በግራና በቀኝ ሁለት ኮኖች ቆመዋል። አሰልጣኙ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ኳስ በብብቱ ይዟል። አጠገቡ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቆሟል፤ የቡድኑ ተከላካይ ነው። ከቀርፋፋነቱ የተነሳ «እንቁላል» ይሉታል።)

እንቁላል፦ አልገባኝም ጋሼ። መሰላል ለመውጣት ነው። ተጋድሞ የት ያደርሳል?

አሰልጣኝ፦ ሜዳ ላይ ጋሼ አትበለኝ፤ አሰልጣኝ ነኝ። በየክፍተቱ እግርህን ቶሎ ቶሎ አስገብተህ አውጣ። ያፈጥንሃል።

እንቁላል፦ በጎኑ ብሄድስ? ሜዳው ባዶ ነው።

አሰልጣኝ፦ ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ፍጥነት፣ ረቡዕ ቅልጥፍና፣ ዓርብ ደግሞ ንቃት።

እንቁላል፦ ዕረፍትስ?

አሰልጣኝ፦ አንተማ ስትሮጥም እያረፍክ ነው።

(እንቁላል መሰላሉ ውስጥ ገባ። ገመዱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሞ ተከተለው።)

አሰልጣኝ፦ መሰላሉን ወዴት ነው የምትወስደው?

እንቁላል፦ እሱ ነው የያዘኝ።

አሰልጣኝ፦ በል ፍታው። ስማ፣ ለእሁዱ ጨዋታ አንድ ቦታ ቀርቷል። ዛሬ ካልፈጠንክ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነህ። እህትህም አታድንህም።

እንቁላል፦ እማዬ ልታየኝ ከሩቅ ትመጣለች። ቁጭ ብዬ ታግኘኝ?

አሰልጣኝ፦ ቁጭ በማለትስ የሚቀድምህ የለም።

እንቁላል፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል።

አሰልጣኝ፦ ይሄዳል እንጂ ይሮጣል አልተባለም። ና፣ እዚህ ቁም። ኳሱን ወደ አንዱ ኮን እወረውራለሁ። አንዳንዴ ወደ ቀኝ አስመስዬ ወደ ግራ እልከዋለሁ። ኳሱን ቀድመህ ተገኝ። እስከ ዛሬ ያላታለልኩት ተጫዋች የለም።

(ወደ ቀኝ አስመስሎ ወደ ግራ ወረወረ። እንቁላል ግራው ኮን ጋ ደርሶ ይጠብቃል።)

አሰልጣኝ፦ አጋጣሚ ነው። ድገም።

(አስመስሎ ወረወረ፤ እንቁላል ቀደመ። ሳያስመስል ወረወረ፤ አሁንም ቀደመ።)

አሰልጣኝ፦ አየህ የፕሮግራም ነገር? ከእንቁላል ንስር ፈለፈልኩ። የሌላ ክለብ አሰልጣኞች መጥተው ይማሩ።

እንቁላል፦ መሰላሉ እኮ አይደለም ጋሼ። ልታታልል ስትል ግራ ቅንድብህ ይነሳል።

አሰልጣኝ፦ የማን ቅንድብ?

እንቁላል፦ ያንተ። እህቴ ናት የነገረችኝ። «ስብሰባ አምሽቼ ነው» ስትላት ይነሳል። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

አሰልጣኝ፦ (ኮፍያውን እስከ ዓይኑ እያወረደ) ካወቀች ቆየች?

እንቁላል፦ መጀመሪያ ያየችው ሠርጋችሁ ላይ ነው። ቃል ኪዳን ስትገባ።

(አሰልጣኙ መሰላሉን መጠቅለል ጀመረ።)

እንቁላል፦ እና እሁድ እሰለፋለሁ?

አሰልጣኝ፦ ምን ጥያቄ አለው። ከማንም በፊት የምትሰለፈው አንተ ነህ።

እንቁላል፦ እስቲ ኮፍያህን አውልቀህ ድገምልኝ ጋሼ።